መነጽሩን ማን ይሠራዋል? ስለ ስደት የተሠሩ የምናባዊ እውነታ ሥራዎችና የእኛ ድርሻ

የሰው ልጅ ታሪኩን ለልጁ የሚያስተላልፍበት መሣሪያ ከዘመን ወደ ዘመን ይለዋወጣል። አባቶቻችን በቃል፣ ቄሶቻችን በግዕዝ ጸሎትና በብራና፣ የወለቃ እናቶች በሸክላ፣ ልጆቻችን ደግሞ በፊልም ተናግረዋል። አሁን በዚህ ላይ «ቨርችዋል ሪያሊቲ» የሚባለው፣ በአማርኛም ምናባዊ እውነታ እየተባለ የሚጠራው ጥበብ ተጨምሯል። መነጽሩን ዓይኑ ላይ ያጠለቀ ሰው ወደ ግራ ቢዞር ግራውን፣ ወደ ኋላ ቢዞር ኋላውን ያያል፤ ከሥዕሉ ፊት ለፊት ሳይሆን ከሥዕሉ ውስጥ የቆመ ይመስለዋል። በዚህ ጽሑፍ በዚሁ መሣሪያ የተሠሩ አራት የታወቁ ሥራዎችን እንመረምራለን። ከዚያም ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል ለገባን፣ በተለይም በፔታህ ቲክቫ ለምንኖር ቤተሰቦች ምን ዕድል እንደሚከፍትና ምን እንቅፋት እንዳለበት እንመለከታለን። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጉዳዩ የመዝናኛ ጉዳይ አይደለም። ከኅዳር 1984 እስከ ጥር 1985 በዘመቻ ሙሴ 8,000 ያህል ወገኖቻችን ከሱዳን ወደ እስራኤል ገቡ፤ 4,000 ያህል ደግሞ በመንገድና በመጠለያ ጣቢያ እንደ ወጡ ቀሩ። በ1984 የ40 ዓመት ጎልማሳ የነበረ ሰው ዛሬ 80ን ተሻግሯል። መንገዱን በእግሩ የሄደ፣ የሞተ ዘመዱን በእጁ የቀበረ ምስክር በየዓመቱ እየቀነሰ ነው። እኛ ደግሞ ስለ ራሳችን ለመናገር መዘግየት ምን እንደሚያስከትል ከሲኒማው ተምረናል። በማኅበረሰባችን ልጅ የተዘጋጀ የመጀመሪያው ረጅም ፊልም፣ የሽሙኤል በሩ «ዘሩባቤል»፣ የወጣው በ2008 ሲሆን ይህም ከዘመቻ ሙሴ 24 ዓመት በኋላ ነው። የዓለምወርቅ ዳዊድያን «የበለስ ዛፍ» የታየው በ2018 ነው። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ ወዲህ ሌሎች ስለ እኛ ሠርተዋል። በ2019 በኔትፍሊክስ የቀረበው «ዘ ሬድ ሲ ዳይቪንግ ሪዞርት» በተባለው ፊልም ጀግኖቹ የሞሳድ ሰዎች ናቸው፤ ፈረደ አክሉምን የሚያስታውሰው ገጸ ባሕርይ እንኳ እንደ ረዳት ሆኖ ቀርቧል። የቀረው ሕዝብ በጭነት መኪና ላይ የተጨናነቀ፣ ስም የሌለው ፊት ነው። በአዲሱ መሣሪያም ይኸው እንዳይደገም የሚያሰጋ ምክንያት አለ።

የመጀመሪያው ሥራ በ2015 የወጣው «ክላውድስ ኦቨር ሲድራ» ነው። ጋቦ አሮራና ክሪስ ሚልክ ከተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጋር ሆነው በዮርዳኖስ በሚገኘው የዛዓታሪ መጠለያ ጣቢያ ቀረጹት። አንዲት የ12 ዓመት ሶርያዊት ልጅ ትምህርት ቤቱን፣ ዳቦ ቤቱን፣ የእግር ኳስ ሜዳውን ታሳየናለች። ከ10 ደቂቃ በታች የሆነው ይህ ፊልም መልካም ጎኑ የስደተኛን ሕይወት በልቅሶ ብቻ አለማቅረቡ ነው፤ ልጆች ሲስቁና ሲጫወቱ እናያለን። ነገር ግን ፊልሙ መጀመሪያ የታየው በዳቮስ ለተሰበሰቡ የዓለም ባለ ሥልጣኖችና ባለ ሀብቶች ነበር። ልጅቱ የምትናገረው ለማን ነው ብለን ብንጠይቅ፣ ለእናቷ ወይም ለጎረቤቷ አይደለም። ገንዘብ ሊሰጥ ለሚችል እንግዳ ነው።

ሁለተኛው የእኛኑ አገር የሚመለከት ነው። ቻሪቲ ዋተር የተባለው የአሜሪካ የበጎ አድራጎት ድርጅት በ2015 መጨረሻ በኒውዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ለለጋሾቹ ያሳየው «ዘ ሶርስ» በሰሜን ኢትዮጵያ የምትኖር የ13 ዓመት ልጅንና ንጹሕ ውሃ ወደ መንደሯ ሲገባ የሆነውን ይተርካል። ሥራው ለበጎ ዓላማ መዋሉን አንክድም፤ ውሃ ለተጠማ መንደር ውሃ ማስገኘት ቀላል ነገር አይደለም። ቢሆንም የአቀራረቡን ጉድለት መናገር የሐያሲ ግዴታ ነው። የክት ልብስ የለበሰ እንግዳ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ መንደሩን ዙሪያ ገባውን ያያል፤ ከመንደሩ ግን እሱን የሚያየው የለም። በእኛ ባህል እንግዳ ወደ ሰው ቤት ሲገባ «ቤቶች!» ብሎ ይጣራል፣ «ማነህ? ከየት ነህ?» ተብሎ ይጠየቃል፣ ቡና ይፈላለታል። ተናጋሪና ሰሚ ፊት ለፊት ተያይተው ነው የሚጨዋወቱት። መነጽሩ ያስቀረው ይህን ነው።

ሦስተኛው፣ በጥበቡ ከሁሉ የላቀው፣ የሜክሲኮው ዳይሬክተር አሌሃንድሮ ኢኛሪቱ «ካርኔ ዪ አሬና» ነው። በ2017 በካን ፌስቲቫል ቀርቦ በዚያው ዓመት ልዩ የኦስካር ሽልማት አግኝቷል። ተመልካቹ ብቻውን ይገባል። መጀመሪያ በቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ በድንበር ላይ የተገኙ የስደተኞች ጫማዎችን እያየ የገዛ ጫማውን ያወልቃል። ከዚያ በባዶ እግሩ አሸዋ ላይ ቆሞ ለ6 ደቂቃ ተኩል ያህል ከሜክሲኮ ወደ አሜሪካ በሌሊት የሚሻገሩ ሰዎች በጠባቂዎች ሲያዙ ያያል። በመውጫው ላይ የእነዚያው ሰዎች ፊትና የሕይወት ታሪካቸው ይጠብቀዋል። ታሪኩን የሠሩት በእውነት የተሰደዱ ሰዎች መሆናቸው ክብር ይገባዋል።

ይሁንና «የሌላውን መከራ በራስህ ላይ ቅመሰው» የሚለውን የዚህን ጥበብ ትልቅ ተስፋ በተመለከተ ጥርጣሬያችንን መግለጽ ይኖርብናል። ከጎንደር ገጠር እስከ ገዳሪፍ የሄዱት ወገኖቻችን ሳምንታት ተጉዘዋል፤ በኡም ራኩባና በሌሎች ጣቢያዎች ማንነታቸውን ደብቀው ወራት፣ አንዳንዶቹም ከዓመት በላይ ተቀምጠዋል። ጥማትና የልጅ ሞት በመነጽር አይገቡም። ስድስት ደቂቃ አሸዋ ላይ የቆመ ወጣት መነጽሩን አውልቆ «አያቴ ያየችውን አየሁ» ቢል፣ አያቱን ማክበሩ ሳይሆን ከአፏ ነገሩን መቀማቱ ነው። እናቶቻችን ብዙ ዘመን ዝም ያሉት ነገሩ በቀላሉ የማይነገር ስለ ሆነም ጭምር ነው።

አራተኛው ሥራ ሌላ መንገድ ያሳየናል። በአሜሪካ የሚገኘው የሾዓ ፋውንዴሽን በ2017 ባቀረበው «ዘ ላስት ጉድባይ» ከናዚ እልቂት የተረፉት ፒንካስ ጉተር ወላጆቻቸውንና መንትያ እኅታቸውን ወዳጡበት ወደ ማይዳኔክ ተመልካቹን ይዘውት ይሄዳሉ። የካምፑ ሕንጻዎች ከብዙ ሺህ ፎቶግራፎች ተገጣጥመው ተሠርተዋል። ተመልካቹ ግን እስረኛውን ሆኖ እንዲጫወት አይደረግም። እሱ ሰሚ ነው፤ ተናጋሪው ሽማግሌው ናቸው። «እዚህ ጋ ቆሜ ነበር» ብሎ መናገር የሳቸው ብቻ መብት ሆኖ ይቀራል። ከአራቱ ለእኛ የሚበጀን ይህ ነው ብለን እናምናለን። ልማዳችንም ይኸው ነው፤ ሽማግሌ ሲናገር ልጅ ቁጭ ብሎ ያዳምጣል እንጂ ሽማግሌውን ልሁን አይልም።

እንግዲህ ዕድሉ ምንድን ነው? አንደኛ፣ የመሣሪያው ዋጋ ወርዷል። በ2016 የወጣው ኦኩለስ ሪፍት 599 ዶላር ከመሆኑም በላይ ኃይለኛ ኮምፒዩተር ያስፈልገው ነበር። በ2020 የወጣው ክዌስት 2 ግን ያለ ኮምፒዩተር የሚሠራ ሆኖ በ299 ዶላር ለገበያ ቀረበ። ሁለተኛ፣ ብሌንደር የተባለው ፕሮግራም በነጻ ይገኛል፤ ዩኒቲና አንሪልም ለትንንሽ ሠሪዎች ክፍያ አይጠይቁም። ሦስተኛ፣ የአያትን ጀበና ወይም ሞሰብ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ በስልክ ከየአቅጣጫው ብዙ ፎቶ በማንሳት ዙሪያውን የሚታይ ቅርጽ ማውጣት ይቻላል። ይህን ለመሥራት የፊልም ኩባንያ መሆን አያስፈልግም። በከተማችንም በቂርያት አርዬ ትልልቅ የቴክኖሎጂ ድርጅቶች አሉ፤ የኪነ ጥበብ ሙዚየምም አለ። ሙያውን የተማሩ ወጣቶችና ታሪኩን የሚያውቁ ሽማግሌዎች በአንድ ከተማ ይኖራሉ። የሚቀረው እንዲገናኙ ማድረግ ነው።

እንቅፋቱም ቀላል አይደለም። የመጀመሪያው የፊደል ነገር ነው። ፊደላችን በ1999 በወጣው ሦስተኛው የዩኒኮድ እትም ውስጥ ገብቷል፤ ኖቶን የመሰሉ ነጻ የፊደል ቅርጾችም አሉ። ሆኖም ሠሪው ከ300 የሚበልጡትን ፊደላት ራሱ አዘጋጅቶ ካልጫናቸው በስተቀር፣ በዩኒቲ የተሠራ ምናባዊ ዓለም ውስጥ «እናቴ» ተብሎ የተጻፈው ባዶ ካሬ ሆኖ ይታያል። ዕብራይስጡ ከቀኝ ወደ ግራ፣ አማርኛው ከግራ ወደ ቀኝ ስለሚሄድ ሁለቱን በአንድነት ማስቀመጥ ሌላ ራስ ምታት ነው። የአያቱን አማርኛ ወይም ትግርኛ በደንብ የማይሰማ ልጅ ግን ሁለቱም ያስፈልጉታል።

ሁለተኛው እንቅፋት የመሣሪያው ዕድሜ ማጠር ነው። ጎግል በ2014 ያወጣውን የካርቶን መነጽር በ2021 መሸጥ አቆመ፤ ለትምህርት ቤቶች ያዘጋጀውን «ኤክስፔዲሽንስ»ንም በዚያው ዓመት ዘጋው። በ2018 የወጣው ኦኩለስ ጎ በ2020 ከገበያ ወጣ። ብራና መቶ ዓመታት ሲቆይ መነጽሩ አምስት ዓመት አይሞላውም። ስለዚህ የአያቶቻችን ድምፅ በአንድ ኩባንያ መተግበሪያ ውስጥ ብቻ ታስሮ እንዲቀር መፍቀድ የለብንም። የመጀመሪያው ቅጂ፣ ማለት ድምፁ፣ ምስሉና የተጻፈው ቃል፣ በቤተሰቡና በማኅበሩ እጅ መቆየት አለበት።

ሦስተኛው የባለቤትነት ጉዳይ ነው። የሰው ወርቅ አያደምቅም ይባላል። ገንዘብ ያለው ተቋም መጥቶ «ታሪካችሁን እንሥራላችሁ» ሲል፣ ድርሰቱን ማን ይጽፋል? ተናጋሪው ሐሳቡን ቢለውጥ ቃሉን ማስወጣት ይችላል? ሥራውስ መጀመሪያ የሚታየው ለለጋሾች ነው ወይስ ለልጆቻችን? እነዚህ ጥያቄዎች ሳይመለሱ መፈረም አይገባም። ሽማግሌን ወደዚያ መንገድ በሐሳብ መመለስ ቁስል መንካት ስለ ሆነም፣ ቤተሰብ አጠገባቸው ሊቀመጥ፣ «ይበቃኛል» ሲሉም ካሜራው ሊዘጋ ይገባል።

በ1878 ለተቆረቆረችው ለከተማችን ስሟ የተወሰደው ከትንቢተ ሆሴዕ ነው፤ በዚያም የአኮር ሸለቆ፣ የመከራው ሸለቆ፣ የተስፋ በር እንደሚሆን ተነግሯል። መሥራቾቿም በወባ ተሸንፈው ለቀው ከወጡ በኋላ ተመልሰው የገቡባት ናት። የእኛም መንገድ በመከራ ሸለቆ አልፏል። ያንን ሸለቆ ለልጅ ማሳየት እንደሚያስፈልግ አንጠራጠርም፤ የምንለው ተጓዡ ራሱ እየመራ ያሳየው ነው።

ስለዚህ ለአንባብያን ቤተሰቦች የምናቀርበው ሐሳብ መነጽር እንዲገዙ አይደለም። በዚህ ዓመት አያትዎን ወይም አባትዎን በተለመደው ቦታቸው አስቀምጠው፣ ፈቃዳቸውን ጠይቀው፣ በሚቀናቸው ቋንቋ ይቅረጿቸው፤ የተነሡበትን መንደር፣ አብሯቸው የሄደውን፣ በመንገድ የቀረውን ሰው ስም ጽፈው ያስቀምጡ። ተመራማሪዎችም ይህን ሲሰበስቡ ቅጂውን ለባለቤቱ ይመልሱ። መነጽሩን የሚሠራው ልጅ ነገ ሲነሣ የሚሠራበት እውነተኛ ድምፅ ያገኛል።