መብራት የበዛበት ጓዳ

ባለፈው ሰሞን አንድ የቀድሞ ተማሪዬ አዲስ ቤቱን እንዳይለት ጋበዘኝ። ዩኒቨርሲቲ ሳስተምረው ከግጥም ጋር ውሎ የሚያድር ልጅ ነበር፤ ዛሬ ደህና ነጋዴ ሆኗል። ሳሎኑን ካሳየኝ በኋላ፣ “ጋሼ፣ ዋናውን ሳያዩማ አይሄዱም” ብሎ ወደ ምድር ቤት ይዞኝ ወረደ። የወይን ጠጅ ማስቀመጫው እዚያ ነው።

ምን ልበላችሁ! የሠርግ አዳራሽ እንጂ የመጠጥ ማኖሪያ አይመስልም። ከኮርኒሱ ሃሎጅን አምፖሎች ቁልቁል ያፈጣሉ፤ ከመደርደሪያው ጀርባ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነጭ ኤል.ኢ.ዲ ተዘርግቷል። “ቀንም ሌሊትም አይጠፋም” አለኝ በኩራት።

ሒስ ሳስተምር ያረጀሁ ሰው ነኝና ዝም ማለት አቃተኝ። ለጌጥነቱ መብራቱ ያምራል። ችግሩ ለተመልካች እንጂ ለወይኑ ታስቦ አለመሠራቱ ነው። ወይን ጠጅ የሚስማማው ጨለማና 12 ወይም 13 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ የረጋ ቅዝቃዜ ነው። ሃሎጅን ያሞቀዋል። አልትራቫዮሌትና ሰማያዊ ብርሃን ደግሞ በወይኑ ውስጥ ያለውን ቫይታሚን ቢ2 ቀስቅሶ ድኝ አዘል ሽታ ያመጣል፤ የተቀቀለ ጎመን ወይም የራሰ ሱፍ የመሰለ። ቀዩን ታኒኑ በመጠኑ ይከላከልለታል፤ ነጩና ሻምፓኙ ግን በጠራ ጠርሙስ ከሆኑ በቀናት ውስጥ ሊበላሹ ይችላሉ። ኤል.ኢ.ዲ ሙቀቱም አልትራቫዮሌቱም አነስተኛ ስለሆነ ይሻላል። እሱም ቢሆን 2700 ኬልቪን ገደማ የሆነው ቢጫማው ተመርጦ፣ ፊቱን ወደ ወለሉ አዙሮ፣ ሰው ሲወጣ የሚጠፋ መሆን አለበት።

“ክሪስታል” የተባለው የሉዊ ሮደሬር ሻምፓኝ በ1876 እ.ኤ.አ. ለሩሲያው ንጉሠ ነገሥት ለዳግማዊ አሌክሳንደር ሲዘጋጅ ጠርሙሱ የጠራ ነበር። ዛሬም የጠራ ነው፤ የሚሸጠው ግን ብርሃን በሚከላከል ብርቱካንማ ሴሎፎን ተጠቅልሎ ነው። ለንጉሥ ዓይን የተሠራ ጠርሙስ እንኳ መሸፈኛ አስፈለገው!

“ታዲያ ጋሼ፣ ካልታየ ምን ዋጋ አለው?” አለኝ።

የነገሩ ሥር እዚህች ጥያቄ ላይ ነው። እናቶቻችን የጠጁን ጋን ከድነው ጨለማ ጓዳ ሲያኖሩት እንግዳው ጋኑን ልይ አይልም። የሚፈርደው ብርሌው ቀርቦለት ሲቀምስ ነው። እኛ ጓዳውን ሳሎን አደረግነውና የምላሱን ፍርድ ለዓይን አስረከብነው።

ልንወጣ ስንል፣ ከሁሉ ይበልጥ ብርሃን የወረደበትን አንድ የጠራ ጠርሙስ አሳየኝ። ልጁ በተወለደች ዓመት የገዛው ሻምፓኝ ነው፤ ለሠርጓ የሚከፈት። መብራቱ ሥር ከተቀመጠ ሦስት ወር አልፎታል። እኔ ምንም አልተናገርኩም። እሱም ዝም ብሎ ቆየና ደረጃውን ወጥቶ የሚስቱን ነጠላ ይዞ ተመለሰ። ጠርሙሱን ጠቅልሎ ከታችኛው መደርደሪያ አስተኛው፤ መብራቱንም አጠፋው።

ተበላሽቶ እንደሆነ የምናውቀው በሠርጓ ቀን ነው።