ኔሞ ወደ ቤቱ ሲመለስ ምን ይዞ ተመለሰ?

«ፋይንዲንግ ኔሞ»ን መጀመሪያ ያየሁት ሞጣ፣ መስኮቱ በጆንያ በተጋረደ ቪዲዮ ቤት ውስጥ ነው። ተመልካቹ ሁሉ ባሕርን በካርታ ብቻ የሚያውቅ ልጅ ነበር። እንግሊዝኛውም ቢሆን ግማሹ አይገባንም። ግን ያ ትንሽ ብርቱካናማ ዓሣ በጠላቂው ተይዞ ሲወሰድ አግዳሚው ላይ የተደረደርነው ሁሉ እኩል ጮኽን። መጨረሻ ላይ አባትና ልጅ ሲገናኙ ደግሞ ማንም ሳያየኝ እንባዬን በእጅጌዬ ጠረግሁ።

የዚያን ክረምት ቢቸና አጎቴ ዘንድ ከረምኩ። አጎቴ ከአዲስ አበባ ሁለት ጎልድፊሾች አምጥተው ሱቃቸው ባንኮኒ ላይ በመስታወት ገንዳ አስቀምጠዋል። እኔና ልጃቸው ተመካከርን። ነገሩ ግልጽ ነበር፤ ኔሞ ታስሮ ነበር፣ እነዚህም ታስረዋል። አንድ ቀን አጎቴ ለቅሶ ሲሄዱ ዓሦቹን ከነውሃቸው ባልዲ ውስጥ ገልብጠን፣ እየተቀባበልን ተሸክመን፣ ሱሃ ወንዝ ለቀቅናቸው። ማታ በቀበቶ ተገረፍን። ቢሆንም ለዓመታት በሕይወቴ ከሠራኋቸው መልካም ሥራዎች አንዱ አድርጌ እቆጥረው ነበር።

አሁን አልቆጥረውም። ሰሞኑን ፊልሙን እንደገና ሳየው ጥፋቴን ለብቻዬ መሸከም እንደሌለብኝ ገባኝ፤ ፊልሙም ድርሻ አለው።

ፍርድ እንዳላዛባ መጀመሪያ ልመስክርለት፤ ጥሩ ፊልም ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ፒክሳር ያወጣው፣ አንድሩ ስታንተን ያዘጋጀው ይህ ሥራ እስረኝነትን በደንብ ያውቃል። ከባሕር የመጣው ጊል ፊቱ ላይ ያለው ጠባሳ ለማምለጥ ሲሞክር ያገኘው ነው፤ ታሪኩን ሲናገር ሽማግሌ አርበኛ ነው የሚመስለው። የጥርስ ሐኪሙም ክፉ ሰው አይደለም። ኔሞን ሪፉ ላይ ሲንፈራገጥ አግኝቶ እንዳተረፈው ለታካሚው በኩራት ይነግረዋል። ቪዲዮ ቤት እያለን ይህ ንግግር አልገባንም ነበር። አሁን ሲገባኝ ሳቄ መሃል ላይ ቀጥ አለ። ሰውዬው እኮ እኔ ነኝ! እሱ ከባሕር ወደ መስታወት፣ እኔ ከመስታወት ወደ ወንዝ፤ ሁለታችንም «አተረፍኩ» ብለናል፣ ሁለታችንም ሌላውን ወገን አልጠየቅንም።

ያ ሌላ ወገን ተቀባዩ ውሃ ነው። ፊልሙ ላይ ያለኝ ትልቁ ቅሬታም እዚህ ላይ ነው።

የሚገርመው፣ ፊልሙ ስለ ጉዳዩ ያውቃል። ኔሞ ገንዳው ውስጥ እንደገባ ገርግል የተባለው ድንጉጥ ዓሣ እንዳይነካው ይሸሻል፤ ከባሕር የመጣ ሁሉ መጀመሪያ መጽዳት አለበት ባይ ነው። ዣክ የተባለው ሽሪምፕም መጥቶ ኔሞን ያጸዳዋል። ትዕይንቱ የቀረበው ለቀልድ ነው። ግን ዓሣ በቤቱ የሚያረባ ጠንቃቃ ሰው የሚያከብረው ሕግ ነው፤ አዲስ የመጣ ዓሣ ከሌሎቹ ጋር ሳይቀላቀል ለሳምንታት በተለየ ገንዳ ይቆያል። ምክንያቱም ውጪው ሲታይ ጤነኛ የሆነ ዓሣ በጉንጩ፣ በቆዳው ወይም በሆድ ዕቃው ውስጥ ጥገኛ ተሕዋስያንና ጀርም ተሸክሞ ሊመጣ ይችላል።

መግቢያው ላይ እንዲህ የተጠነቀቀው ፊልም መውጫው ላይ ምን አደረገ? እስቲ ረጋ ብለን እንየው። የገንዳው ዓሦች ከየት እንደመጡ ሲጠያየቁ አብዛኞቹ ከተለያዩ ሱቆች፣ አንዱም በኢንተርኔት ሽያጭ የተገዙ ናቸው። ማለት ከተለያየ ውቅያኖስና ከተለያየ ማርቢያ የመጡ ፍጥረታት አንድ ውሃ ይጋራሉ። ለማምለጥ ሲሉም ማጣሪያውን አበላሽተው ገንዳውን ሆን ብለው ያቆሽሹታል። ኔሞ ከዚያ ቆሻሻ ወጥቶ በሐኪሙ መትፊያ በኩል ወደ ባሕር ይገባል፤ ቀጥሎ ተወልዶ ባደገበት ሪፍ፣ ከመቶ ከማያንሱ ዝርያዎች መሃል፣ ትምህርት ቤት ሲሄድ እናያለን። አባቱ አቀፈው። ማንም ግን አላጸዳውም። ሪፉ ላይ ገርግል የለማ።

«ኔሞ እኮ የዚያው አገር ልጅ ነው፤ ወደ ቤቱ ነው የተመለሰው» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ነው፤ አስቸጋሪውም ይህ ነው። የራሱ አገር ዓሣ ሲመለስ ማንም አይጠራጠረውም። ነገር ግን በስደቱ ከማያውቃቸው ፍጥረታት ጋር አንድ ውሃ ጠጥቷል። ዘመዶቹ ለማያውቁት በሽታ የሚከላከል አቅም ላይኖራቸው ይችላል። በባሕር ውስጥ ደግሞ የታመመውን ለይቶ ማውጣት፣ ውሃውን መቀየር የሚባል ነገር የለም።

ወደ ገርግል እንመለስ። ገርግል ሮያል ግራማ የሚባል፣ ግማሹ ሐምራዊ ግማሹ ቢጫ ዓሣ ነው። አገሩ ካሪቢያን ነው። ፊልሙ ሲያልቅ ግን ጓደኞቹን ተከትሎ በፕላስቲክ ከረጢት ሲድኒ ወደብ ላይ ይንሳፈፋል። እኛም «ነጻ ወጡ!» ብለን አጨብጭበናል። የመጨረሻው ቀልድ ከከረጢቱ እንዴት እንደሚወጡ አለማሰባቸው ነው። እኔ ግን አሁን ያንን ከረጢት እመርቀዋለሁ። በፊልሙ ሁሉ ውስጥ የሲድኒን ወደብ የጠበቀው እሱ ብቻ ነው።

ከረጢቱ ቢከፈት ምን እንደሚሆን ዓለም አይቶታል። ላየንፊሽ የሚባለው፣ እሾሁ መርዛም፣ መልኩ ያማረ ዓሣ አገሩ ሕንድ ውቅያኖስ፣ ጎረቤታችን ቀይ ባሕርና ምዕራብ ፓስፊክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 ፍሎሪዳ ጠረፍ ላይ ታየ። ተመራማሪዎች መነሻው ከቤት አኳሪየም የተለቀቁ ዓሦች እንደሆኑ ያምናሉ። አንዷ ሴት በዓመት እስከ 2 ሚሊዮን እንቁላል ትጥላለች። በአትላንቲክ በኩል ያሉት ትንንሽ ዓሦች ደግሞ እንዲህ ያለ አዳኝ አይተው ስለማያውቁ አይሸሹትም። ዛሬ ካሪቢያንን ሞልቶታል። እዚያ ከሚበላቸው መካከል አንዱ ማን መሰላችሁ? ሮያል ግራማ፤ የገርግል ወገን። ሰው አዝኖለት የለቀቀው ዓሣ የገርግልን አገር እየበላ ነው። ይህን የሚያህል ታሪክ አጠገቡ እያለ ፊልሙ አላየውም።

እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ተከታዩ «ፋይንዲንግ ዶሪ» ይታረማል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ባሰበት። ታሪኩ ካሊፎርኒያ ባለ የባሕር እንስሳት ማገገሚያ ውስጥ ነው። ለይቶ ማቆያው ጨለማና አስፈሪ ሆኖ ተስሏል። መጨረሻ ላይ ዓሦች የጫነ መኪና ገደል ተሻግሮ ባሕር ውስጥ ይወድቃል፤ ሙዚቃው ከፍ ይላል፤ የሐሩር ባሕር ዓሦች ቀዝቃዛው የካሊፎርኒያ ውሃ ውስጥ ይበተናሉ። ለልጅ የሚቀረው ትምህርት ግልጽ ነው፤ የሚለይ ሁሉ አሳሪ ነው፣ የሚለቅ ሁሉ ጀግና ነው።

«ካርቱን እኮ ነው፣ ምን አካበድከው?» የሚለኝ አይጠፋም። መልሴ ያ ባልዲ ነው። እኛ ያን ባልዲ ያነሳነው መጽሐፍ አንብበን አይደለም።

ባሕር የለንም ብለን ደግሞ ራሳችንን አናታልል። እምቦጭን አስቡት። አገሩ ደቡብ አሜሪካ፣ አማዞን ነው። ዓለምን የዞረው በሐምራዊ አበባው ውበት፣ ለኩሬ ጌጥ ተብሎ ነው። በኛ አገር በ1960ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. ቆቃ ላይ ታወቀ፤ በ2011 ደግሞ ጣና ላይ። ሲመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል፣ ዘሩም ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ ይቆያል። በሺዎች የሚቆጠር ገበሬና ወጣት እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅል ሁላችንም በቴሌቪዥን አይተናል። ጣና ውስጥ በዓለም ሌላ ቦታ የማይገኙ ከ10 በላይ የላቤኦባርበስ ዓሣ ዝርያዎች አሉ። ከታች የሚመጣ ዓሣ እንዳይወጣ ጢስ ዓባይ ለዘመናት በር ሆኖ ዘግቶላቸዋል። ፏፏቴ ግን በባልዲ የሚመጣውን አይከለክልም።

ጎጃሜ ደግሞ በአባይ የተከበበ ነው። ውሃው ከፏፏቴው ወርዶ በሞጣ በኩል በሰባራ ድልድይ ሥር ያልፋል፤ የቢቸናው ሱሃም መጨረሻው እሱ ነው። ጎልድፊሽ ብርድ ይችላል፤ ደለል እየቆፈረ ውሃ ያደፈርሳል፤ ማሰሮ ውስጥ ጣት የምታክለው ክፍት ውሃ ካገኘች ከ30 ሴንቲሜትር በላይ ልታድግ ትችላለች። የኛዎቹ ሁለት ነበሩ። ውሃቸውንም አብረን ደፍተናል።

ባለፈው ለአጎቴ ደወልኩ። «ጋሼ፣ እነዚያ ዓሦች ትዝ ይሉዎታል?»

ሳቁ። «እንዴት አይሉኝም! ለናንተ ብዬ እኮ ነበር ያመጣኋቸው። ከሰለቻችሁ ለምን አልነገራችሁኝም? ለመጣሁበት ሰው እመልሳቸው ነበር።»

መፍትሔው ይህን ያህል ቀላል ነበር። ዓሣ ማኖር የማይችል ሰው ለሻጩ ይመልሳል፣ ወይም ለሌላ አርቢ ይሰጣል፤ የገንዳውንም ውሃ ወንዝ ውስጥ አይደፋም። ለፊልም የሚሆን መጨረሻ አይደለም፤ ሙዚቃም አይገባለትም።

ሞጣ የነበሩት አያቴ አዲስ በሬ ከገበያ ገዝተው ሲመጡ ከከብቱ ጋር አይቀላቅሉትም ነበር። ለብቻው ያስሩታል፣ ለብቻው ያጠጡታል፣ ዓይኑንና አፍንጫውን በየጠዋቱ ያያሉ። ልጅ ሆኜ በሬው ያሳዝነኝ ነበር። አያቴ ግን በረት ውስጥ ለቀሩት ነበር የሚያስቡት።