ኮርቻውን የያዘው ምንድን ነው?

ኮርቻ እንድመለከት ስጠራ መጀመሪያ የማየው ኮርቻውን ሳይሆን የፈረሱን ሆድ ነው። የሆድ ጠፍሩ በሚያርፍበት፣ ከፊት እግሩ ክርን ጀርባ ባለው ቦታ፣ ቆዳው ተሸብሽቦ ጠጉሩ ሳስቶ ካገኘሁት፣ ወይም እጄን ወደዚያ ስሰድ ፈረሱ ጆሮውን ወደ ኋላ አጋድሞ ጥርሱን ካሳየኝ፣ የቀረውን ለመገመት አይከብደኝም። ኮርቻው ይንሸራተታል፤ ጌታውም በማጥበቅ ሊያቆመው ሲታገል ከርሟል።

ያደግሁት አዊ ውስጥ፣ ፈረስ ከቤተሰብ ተቆጥሮ በሚኖርበት አገር ነው። ዛሬ የምሠራው ቨርጂኒያ፣ ሚድልበርግ አካባቢ ነው፤ እዚህም ከመንገዱ ግራና ቀኝ የሚታየው አጥርና የፈረስ መስክ ነው። በእጄ ካለፉት ኮርቻዎች ሁሉ ብዙ ክርክር ሲያስነሣ ያየሁት እንጨት አልባው ነው። የሚወዱት ከእርሱ ሌላ አይጭኑም፤ የማይወዱት «ዞሮ ይጥላል» ብለው አይቀርቡትም። ሁለቱም እውነት አላቸው። አንዱ ኮርቻ በአንዱ ሰው እጅ ቀኑን ሙሉ ሳይነቃነቅ ሲውል፣ በሌላው እጅ ገና ሰው ሲወጣበት ወደ ሆድ ሲገለበጥ አይቻለሁ። ልዩነቱ ከአጫጫኑ ነው፤ አጫጫን ደግሞ ዐይን ላለው ሰው ይታያል።

አገር ቤት የምናውቀው ኮርቻ አጥንቱ እንጨት ነው። ሁለት ሳንቃ ከአከርካሪው ግራና ቀኝ ይተኛል፤ ፊትና ኋላ ከፍ ያለ ቅስት ያያይዛቸዋል፤ ከዚያ ቆዳ ይለብሳል። የአውሮፓውና የአሜሪካውም መልኩ ይለይ እንጂ ሐሳቡ ያው ነው፤ እንጨቱ አንዳንዴ በፕላስቲክ ይተካል፣ በብረት ይታገዛል። ያ አጥንት የሰውየውን ክብደት ከአከርካሪው አንሥቶ ግራና ቀኝ ባለው ሥጋ ላይ ያሰፋዋል። የፊቱ ቅስት ደግሞ ጋማው ካለቀበት ያለውን ጉብታ አቅፎ ኮርቻውን ከመዞር ይጠብቀዋል። እንጨት አልባው ግን ቆዳ፣ ሱፍና ስፖንጅ ነው፤ በእጅ ይተጣጠፋል። የሚመረጠው ጀርባው ለሰፋ፣ በየወቅቱ ለሚወፍርና ለሚከሳ፣ እንጨቱ ትከሻውን ለሚቆነጥጠው ፈረስ ነው። ፈረስ የፊት እግሩን ሲዘረጋ የትከሻው አጥንት አናቱ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ለስላሳ ነገር ለዚያ እንቅስቃሴ ቦታ ይለቃል። ይህ ጥቅም እውነተኛ ነው፤ አቃልዬ አላየውም። የሚታጣው አቃፊው ቅስት ነው። ስለዚህ እንጨት አልባ ኮርቻ የተጫነ ፈረስ ባየሁ ቁጥር የምጠይቀው፣ ይህን ኮርቻ የያዘው ምንድን ነው ብዬ ነው። መልሱ የሆድ ጠፍሩ ብቻ ከሆነ ሥራው ገና አልተሠራም።

ነገሩ አዲስ ፈጠራ የሚመስላቸው አሉ፤ አይደለም። በአልታይ ተራሮች፣ ፓዚሪክ በሚባለው ቦታ፣ እ.ኤ.አ. በ1929 እና ከ1947 እስከ 1949 በተቆፈሩ በበረዶ ውስጥ በቆዩ መቃብሮች ከነፈረሶቻቸው የተገኙት ኮርቻዎች ከ2,000 ዓመት በላይ ዕድሜ አላቸው። ሁለት የታጨቁ የቆዳ ትራሶች ናቸው፤ አንዱ ከአከርካሪው በግራ፣ አንዱ በቀኝ ይውላል። እርካብ የላቸውም። የሆድ ጠፍር አላቸው፤ የደረትና የጭራ ጠፍርም አላቸው። ያን ኮርቻ የሰፋው ሰው አከርካሪው ባዶ መሆን እንዳለበት፣ ለስላሳ ኮርቻም በአንድ ጠፍር ብቻ እንደማይታመን አውቆታል። እኔ እጅግ አከብረዋለሁ።

ከኮርቻው ይልቅ የምፈርደው ከሥሩ በሚነጠፈው በድብዳቡ ነው። እንጨት አልባ ኮርቻ ግማሽ ሥራውን ለድብዳቡ አስረክቧል፤ ሻጮች ግን ኮርቻውን አሳምረው ድብዳቡን ዝም ይሉታል። ድብዳቡን ገልብጠው ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡት። ከፊት እስከ ኋላ በመሐሉ የሚሄድ ቦይ ሊኖረው ይገባል፤ ግራና ቀኙ የጠገበ፣ መሐሉ ባዶ፣ ስፋቱ ሦስት አራት ጣት። ከዚያ ጠርዙን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ይጭመቁት። ሁለቱ ጣቶች የሚገናኙ ከመሰለዎት ያ ስፖንጅ ሰው ሲቀመጥበት ወረቀት ይሆናል። ተጠቅጥቆ የተሠራ የበግ ሱፍ ግን ይጨመቃል እንጂ አይጠፋም፤ ጣቱን ሲገፋው ይሰማዎታል። ላብ ሲጠጣ ደግሞ ጠጉሩን እየለመደ ይይዛል።

ቦዩ መኖሩ ብቻ አይበቃም። ሰው ላዩ ላይ ተቀምጦ ሳለ ከፊት በኩል እጅዎን በቦዩ ውስጥ ይስደዱ። ጣቶችዎ ያለ ትግል ገብተው ሙቀት ሳይሆን አየር ካገኙ ጥሩ ነው። ከኋላም ይሞክሩት፤ ብዙ ድብዳብ ከፊት ቆሞ ከኋላ የሚተኛ ነው። ፈረሱ ላይ ሰው ሳይኖር የሚደረግ ምርመራ ለሻጭ ነው የሚጠቅመው።

እንዳይንሸራተት ተብሎ የሚሸጥ ጎማ መሰል ምንጣፍም አለ። በድብዳቡና በኮርቻው መካከል ቀጭኑ ቢገባ አልቃወምም። በቀጥታ ጠጉሩ ላይ ሲነጠፍ ግን አልወደውም። ኮርቻውን ያቆመው ጠጉሩንና ቆዳውን እየጎተተ ነው፤ የፈረሱ ቆዳ ያን ሁሉ ጉተታ ሲሸከም ይውላል። ከወር በኋላ ጠጉሩ የተቆራረጠ፣ እንደ ተበላ ምንጣፍ የሆነ ቦታ ካዩ የያዘው እርሱ ነበር ማለት ነው።

አባቴ ፈረስ ሲጭን ድብዳቡን ሁልጊዜ ወደ አንገቱ ጠጋ አድርጎ አሳርፎ ወደ ኋላ ይስበው ነበር፤ ጠጉሩ ወደ ተፈጥሮ አቅጣጫው እንዲተኛ። ካለፈው ደግሞ ወደ ፊት አይገፋውም፤ አንሥቶ እንደገና ይጀምራል። የሆድ ጠፍሩን መጀመሪያ ላላ አድርጎ ያስራል፤ ፈረሱን ይዞ ደጁን ይዞራል፤ ተመልሶ አንድ ቀዳዳ ያጠብቃል። ፈረስ ሲታሰር ደረቱን ይነፋል፤ ሲራመድ ይተነፍሳል። ልጅ ሆኜ እኔ በአንድ ጊዜ ስቤ ላጠብቅ ስል እጄን ይዞ፣ «ተው ልጄ፣ መጀመሪያ ይተንፍስ» ይለኝ ነበር። እዚህ አገር በዋጋ ውድ የሆነ ኮርቻ በአንድ ትንፋሽ ሲጠበቅ ባየሁ ቁጥር የምሰማው ያን ድምፅ ነው። ጥሩ አሳሰር ጎን በኩል ሁለት ጣት ያለ ጭንቀት ያስገባል። ጠፍሩ የሚለጠጥ ላስቲክ ካለው በሁለቱም ጫፍ ይኑረው፤ በአንድ ጫፍ ብቻ የሆነ ላስቲክ ኮርቻውን ወደ አንድ ጎን ይስባል።

የጀርባ ቅርጽ ብዙ ይናገራል። ጉብታው ጎልቶ የወጣ ፈረስ ኮርቻውን ወደ ኋላ ይለቃል። ዳሌው ከትከሻው ከፍ ያለ፣ ሆዱ በሣር የተነፋ ወደ ፊት ይገፋል። ጉብታ የሌለው ክብ ጀርባ ደግሞ ወደ ጎን ያዞራል፤ እንጨት አልባ ኮርቻ የሚፈተነው በዚህኛው ላይ ነው።

ባለፈው ጥቅምት አንዲት ዳማ ባዝራ እንዳይ ተጠራሁ። ከኋላ ቆሜ ሳያት ጀርባዋ የተጋደመ በርሜል ነው። ባለቤቷ እንጨት አልባ ኮርቻ የገዛችው «ለማንኛውም ፈረስ ይሆናል» ተብላ ነው። ኮርቻው ሁለት ጊዜ ከሰው ጋር ዞሯል። ጠፍሩ የመጨረሻው ቀዳዳ ላይ ደርሶ ነበር፤ ባዝራዋ ጠፍር ስታይ መንከስ ጀምራለች።

ጠፍሩን ሦስት ቀዳዳ አላላሁት። የባዝራዋ ባለቤት ደነገጠች። ከኮርቻው ሥር የነበረውን የስፖንጅ ድብዳብ አውጥቼ ግራና ቀኙ የጠገበ የሱፍ ድብዳብ አገባሁ። ከዚያ ማንም ሳይወጣ ኮርቻውን በሁለት እጄ ይዤ ወደ ግራና ወደ ቀኝ አወዛወዝኩት። የምፈልገው ምልክት ይህ ነው፤ ኮርቻው ሲሄድ ቆዳውም አብሮ መሄድ አለበት። ኮርቻው ብቻውን በቆዳው ላይ ሲንሸራተት፣ ወይም ተጠብቆ እንደ ድንጋይ ጭራሽ አልነቃነቅ ሲል፣ ሁለቱም ጥሩ አይደሉም። ቆዳው አብሮ ሄደ። እርካቡን ረግጣ ከመሬት እንዳትወጣ ለባለቤቷ ነግሬ በርጩማ አመጣሁ። ከመሬት የሚወጣ ሰው ሙሉ ክብደቱን በአንድ ጎን ያንጠለጥላል፤ ይህን ያለ በርጩማ የሚችል እንጨት አልባ ኮርቻ በክብ ጀርባ ላይ አላየሁም። በርጩማውን የሚንቁ ጎበዝ ጋላቢዎች አሉ፤ እኔ ግን ፈረሱን ከበርጩማው አጠገብ አቁሞ በቀስታ የሚቀመጥ ሰው ሳይ ሥራ አዋቂ መሆኑን አውቃለሁ።

ባለቤቷ ወጣች፤ ኮርቻው አልዞረም። ሶምሶማ ስታስኬዳት ግን ቀስ እያለ ወደ ቀኝ ሄደ። አስተካክለን ጀመርን፤ ዳግመኛ ወደ ቀኝ። እኔ ራሴ ወጣሁባት፤ አሁንም ወደ ቀኝ። ሰው ተቀይሮ አቅጣጫው ካልተቀየረ ከኮርቻው ላይ ዐይኔን አነሣለሁ። ከኋላዋ ሆኜ ሳስተውላት የቀኝ የኋላ እግሯን ትንሽ ትሰስታለች፤ በደንብ ያላየ ሰው አያውቀውም። ሐኪም ይጠራ አልኩ፤ ሕመሙ እዚያው እግር ላይ ተገኘ። በእንግሊዝ ሊን ግሬቭና ሱ ዳይሰን እ.ኤ.አ. በ2013 ያሳተሙት ጥናት ይህን በግልጽ ያሳያል። የኋላ እግራቸው በሚያማቸው ፈረሶች ላይ ኮርቻ ወደ አንድ ጎን፣ ብዙውን ጊዜም ወደሚያመው እግር ይሄዳል፤ እግሩ በመርፌ ሲደነዝዝ በአብዛኞቹ ላይ መንሸራተቱ ቆሟል። ያቺን ባዝራ ማጥበቅ ሕመሟን በጠፍር ማሰር ነበር። ይህን የማያይ ኮርቻ ገምጋሚ፣ ስለ ቆዳና ስለ ስፌት ምንም ያህል ቢያውቅ፣ ለእኔ ገምጋሚ አይደለም።

የደረትና የጭራ ጠፍር ድጋፍ ናቸው። ጥር 23 ቀን እንጅባራ የሄደ ሰው፣ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓሉን ሲያከብር፣ ጉግስ ተጫዋቹ የተወረወረበትን ዘንግ ለማምለጥ በፈረሱ ጎን ሲንጠለጠል አይቷል። በእንጨት ኮርቻ ላይም ሆኖ እንዲያ ያለ ጨዋታ ያለ ድጋፍ አይደፈርም። ዳገት ለሚወጣ የደረት፣ ቁልቁለት ለሚወርድ የጭራ ጠፍር ትክክል ነው። ጥሩ ሥራ ከሆነ ግን ፈረሱ በሜዳ ላይ ሲራመድ ሁለቱም ላላ ብለው ይታያሉ፤ የሚወጠሩት ሲያስፈልጉ ብቻ ነው። በሜዳ እርምጃ ደረቱን የሚቆርጥ ጠፍር ካዩ ኮርቻው ወደ ኋላ እየሸሸ ነው፤ ድብዳቡን ወይም መጠኑን ይመርምሩ።

የእርካቡ ጠፍር ከምን ላይ እንደተንጠለጠለ ማየትም ግድ ነው። ኮርቻውን አንሥተው ከታች በእጅዎ ይዳስሱት። በአንድ ቀጭን ጠፍር ብቻ ጀርባው ላይ ተሻግሮ ከሆነ፣ ሰውየው እርካቡ ላይ በቆመ ቁጥር ያ ጠፍር እንደ ገመድ ይጫናል። የክብደት ነገር ሲነሣ ደግሞ እንጨት አልባውን የሚወዱ ሰዎች መስማት የማይፈልጉት አለ። ተመራማሪዋ ሂላሪ ክሌይተን የተሳተፉበት፣ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ጥናት እንጨት ያለውንና የሌለውን በሶምሶማ ሲያነጻጽር፣ እንጨት አልባው ክብደቱን ከተቀማጩ መቀመጫ በታች ሰብስቦ፣ እንጨት ያለው ደግሞ በሰፊ ቦታ ዘርግቶ ተገኝቷል። እኔም በጀርባዎች ላይ የማየው ይኸው ነው። ቀላል ሰው፣ የተረጋጋ አቀማመጥ፣ ጥሩ ድብዳብ ካለ ደስ ብሎኝ እፈቅዳለሁ። ከባድ ሰው ለረጅም መንገድ ከሆነ እንጨት ያለውን እመክራለሁ፤ በዚህ ብዙ ደንበኛ ተቀይሞኛል።

ፍርዴን የምሰጠው ግን ከግልቢያ በኋላ ነው። አንድ ሰዓት ያህል ከሠራ በኋላ ፈረሱን አቁመው፣ ጠፍሩን ፈትተው፣ ኮርቻውንና ድብዳቡን ሳይጎትቱ ቀጥ አድርገው ወደ ላይ ያንሡት። ከዚያ አይቸኩሉ። አከርካሪው ላይ ከፊት እስከ ኋላ ደረቅ መስመር፣ ግራና ቀኙ እኩል የረጠበ ሊሆን ይገባል። በረጠበው መሐል የእጅ መዳፍ የምታህል ደረቅ ቦታ ካለች መዳፍዎን ያሳርፉባት፤ ፈረሱ ጀርባውን ወደ ታች ካሸሸ እዚያ ላይ ክብደት ተከማችቷል። ቀድሞ የተጎዳ ቦታ ነጭ ጠጉር ያበቅላል፤ ካልታረመም ነገ ገጣባ ነው። ጠጉሩ የተኛበትን አቅጣጫ ይከተሉ፤ ከተፈጥሮው ዞሮ እንደ አዙሪት የተጠማዘዘበት ቦታ ኮርቻው የተንሸራተተበት ነው።

ያቺ ባዝራ እግሯ ከዳነ በኋላ፣ በመጋቢት፣ እንደገና ጠሩኝ። ባለቤቷ ከጫካ መንገድ ተመልሳ ገና መውረዷ ነበር። ጠፍሩ ከድሮው ሦስት ቀዳዳ ላልቶ ታስሯል። ስፈታው ባዝራዋ አንገቷን አላዞረችም። ድብዳቡን አነሣሁ። ሁለት የረጠቡ ምልክቶች፣ በመሐላቸው ሦስት ጣት የሚሆን ደረቅ መስመር፣ ጠጉሩም ሁሉ ወደ ኋላ ተኝቷል።