ለኮሌጅ ትምህርት የሚጻፍ ሒስና የደብረ ታቦር ምሳሌ

ለኮሌጅ ትምህርት የሚጻፍ ሒስ ብዙ ጊዜ ከሁለት በአንዱ ይሰናከላል። ወይ የመጽሐፉን ታሪክ ከዳር እስከ ዳር ተርኮ «ደራሲው ሊመሰገን ይገባዋል» ብሎ ያበቃል፤ ወይም ለነቀፋ ያህል ስሕተት ይለቅማል። ሒስ ማለት ግን ድርሰቱን መዝኖ ሚዛኑንም ለአንባቢ ማሳየት ነው።

ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ የተጻፉት ልብ ወለዶች ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናቸው። ብርሃኑ ዘሪሁን «የቴዎድሮስ እንባ»ን በ1958፥ አቤ ጉበኛ «አንድ ለናቱ»ን በ1961 ዓ.ም. አሳትመዋል። እነዚህን መተቸት በተለይ ለደብረ ታቦር ልጅ ይከብደዋል። የንጉሡ መናገሻ ደብረ ታቦር ነበረች፤ ሴባስቶፖል የተባለው መድፍም በአጠገቧ በጋፋት፥ በሚስዮናውያን ባለ እጆች ተሠርቷል። ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነው ይህ መድፍ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ፥ መንገድ እየተጠረገለት በሰው ጉልበት ተጎትቶ፥ ከወራት በኋላ መቅደላ ደረሰ። ይህን ሁላችንም በኩራት እናወራዋለን። ነገር ግን እኒሁ ንጉሥ በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን፥ ወደ መቅደላ ሲነሡም ደብረ ታቦርን አቃጥለዋል።

እንግዲህ ሐያሲው ሊጠይቅ የሚገባው፥ ደራሲው መድፉንና እሳቱን እንዴት አገናኛቸው? አንዱን ዘለለውን? መድፉን የጎተተውስ ሰው በድርሰቱ ውስጥ አንደበት አለውን? ብሎ ነው። መልሱም ከመጽሐፉ ገጽ እየተጠቀሰ፥ ከአለቃ ወልደ ማርያም ዜና መዋዕል ጋር መመዛዘን አለበት። ልብ ወለድ የግድ ታሪክ ይሁን አይባልም፤ ደራሲው የተወውን ነገር ለምን እንደ ተወው መጠየቅ ግን ተገቢ ነው።

ይህ አሠራር ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በቅኔ ቤት ተማሪው የቆጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ሲነግር፥ መምህሩ ቤቱ መምታቱን፥ ሰሙና ወርቁ መስማማቱን መርምሮ የጎደለውን ያርማል። ተማሪው ስለ ታረመ ተሰደብሁ አይልም። የኮሌጁ ሒስ ከዚህ የሚለየው ፍርዱ በመምህር ሥልጣን ሳይሆን በማስረጃ የሚጸና በመሆኑ ነው፤ ስለዚህ መምህሩም የክፍል ጓደኛውም ሊከራከሩት ይችላሉ።

የደብረ ታቦር ልጅ ቴዎድሮስን ቢወድ አያስነቅፈውም። ነገር ግን ስለ ተቃጠለችው ከተማ ሳይጠይቅ ያለፈ እንደ ሆነ፥ የጻፈው ውዳሴ እንጂ ሒስ ሊባል አይችልም።