ሐይቅ ወይስ ማጠራቀሚያ? የኤድዋርድ አቢን የጀልባ ጉዞ ስናነብ

በአሜሪካ በዩታና በአሪዞና ግዛቶች ወሰን ላይ፣ በቀይ የአሸዋ ድንጋይ ገደሎች መካከል 300 ኪሎ ሜትር ያህል የተጋደመ ሰው ሠራሽ ውኃ አለ፤ ፓወል ሐይቅ ይባላል። በሙቀቱ ወራት ጓደኛሞች ጀልባ ተከራይተው፣ ድንኳንና ስንቃቸውን ጭነው፣ ከአንዱ የገደል ሰርጥ ወደ ሌላው ሲዘዋወሩ ይሰነብቱበታል። ከጀልባቸው በታች ግን የሌላ ጉዞ መንገድ ሰጥሞ ቀርቷል። ኤድዋርድ አቢ «ዴዘርት ሶሊቴር» በተሰኘውና እ.ኤ.አ. በ1968 በታተመው መጽሐፉ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በአንድ ረጅም ምዕራፍ የተረከው ያንን ጉዞ ነው።

የመጽሐፉ ርእስ ገና ከበሩ ተርጓሚን ያስቆማል። ሶሊቴር ብቸኛ ሰውም፣ ብቻን የሚጫወቱት ካርታም፣ በቀለበት ላይ ብቻውን የሚያበራ ፈርጥም ነው። በአማርኛ የሚቀርበው «የበረሃ ባሕታዊ» ይመስለኛል፤ በእኛ ዘንድ በረሃና ባሕታዊ ከጥንት የተዛመዱ ናቸውና። ደግሞም «የዓባይ በረሃ» የምንል ሰዎች፣ ገደልና ጠፍ ምድር በአንድ ቃል እንደሚጠሩ ለማወቅ ማስረጃ አንሻም። የሚገርመው ግን የብቸኝነት መጽሐፍ በተባለው በዚህ ሥራ ውስጥ ከሁሉ የሚልቀው ምዕራፍ ሁለት ወዳጆች አብረው ያደረጉት ጉዞ መሆኑ ነው።

በ1959 የግሌን ካንየን ግድብ ሥራ ከተጀመረ ሦስተኛ ዓመቱን ይዞ ነበር። አቢና ጓደኛው፣ ውኃ ከመሙላቱ በፊት ካንየኑን ሊሰናበቱ፣ ሁለት ትንንሽ የጎማ ጀልባዎች ጎን ለጎን አስረው ወደ ኮሎራዶ ወንዝ ገቡ። ሞተር የላቸውም፤ የመንሳፈፊያ ሰደርያውንም ረስተውታል። ወንዙ ይወስዳቸዋል። ሲመሽ አሸዋማ ዳርቻ ላይ ይወጣሉ፣ እሳት ያነዳሉ፣ አምባዛ ይጠብሳሉ፣ ግማሹ ቀልድ ግማሹ ፍልስፍና የሆነ ወግ ይጠርቃሉ። የምዕራፉ ውበት ያለው እዚህ ላይ ነው። ማንም የሚቸኩልበት ጉዳይ የለም፤ አንባቢም ሳይታወቀው እንደ ተጓዦቹ ቀን መቁጠር ይተዋል። እነሱ የሚያልፉበትን ወንዝ በ1869 ከዘጠኝ ባልደረቦቹ ጋር በአራት ጀልባዎች የወረደው አንድ እጁን ያጣው ጆን ዌስሊ ፓወል ነበር። ያደረባቸውን ዳርቻዎች ያሰጠመው ውኃ በእሱ ስም መጠራቱን አቢ እንደ ክብር ሳይሆን እንደ ስድብ ይቆጥረዋል።

ከዚህ የተነሣ የምዕራፉ እውነተኛ ሙግት ስለ አንድ ቃል ነው። አቢ ይህን ውኃ ሐይቅ ብሎ መጥራት አይፈልግም፤ ለእሱ ማጠራቀሚያ ነው። የግድቡ ባለቤት የነበረው መሥሪያ ቤት ኃላፊ ፍሎይድ ዶሚኒ ግን በ1965 ባወጣው ባለ ሥዕል መጽሔት ውኃውን የኮሎራዶ ዕንቁ ይለዋል። የዶሚኒ ክርክር እንዲያው የሚናቅ አይደለም፤ ቀድሞ ጥቂት ደፋሮች ብቻ የደረሱበት ገደል ለብዙ ሰው ተከፍቷል። የአቢ ወገን ግን የሚመልሰው አለው። በወንዝ ላይ ድሃ ሰው ቀዘፋውን ትቶ ይንሳፈፋል፤ በቆመ ውኃ ላይ ግን ርቆ ለመሄድ ሞተርና ቤንዚን ያስፈልጋል። በእኔ ግምት ከቁጣው ሁሉ ይልቅ የሚያሳምነው ይህ ተራ ነገር ነው።

ቁጣው ግን ምዕራፉን የሚጎዳበት ቦታ አለ። አንድ ያልታወቀ ጀግና ግድቡን በድማሚት ሲያፈነዳ እየተመኘ የሚያልፈው ክፍል ለሳቅ የተጻፈ ቢሆንም ወንዙን ያስረሳናል። ከዚህ የሚከፋው ዝምታው ነው። የናቫሆ ሕዝብ የገደሉ ደቡባዊ ጎረቤት ነው፤ ቀስተ ደመና ድልድይ የሚባለው የድንጋይ ቅስት ለእነሱ ቅዱስ ስፍራ ነው፤ ውኃውና ጎብኚው ስለ ደረሰበት ከስሰው በ1980 በይግባኝ ተረትተዋል። አቢ ወደ ቅስቱ ሲወጣ የሚያየው ግን ሰው ያልነካው ዓለም ነው። ኤሊየት ፖርተር በ1963 ባወጣው የፎቶግራፍ መጽሐፍ ርእስ ስፍራውን «ማንም የማያውቀው» ማለቱም የዚሁ ዓይን ሥራ ነው።

ለኅዳሴ ግድብ ከደመወዙ ቦንድ የገዛ አንባቢ ይህን ምዕራፍ ሲያነብ ደግሞ መጠየቁ አይቀርም፤ ይህ ሰው መብራት ያላጣ ስለሆነ ነውን በግድብ ላይ እንዲህ የሚሳለቀው? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ አቢም አይመልሰውም። ነገር ግን ከግልገል ጊቤ ሦስት ግድብ በታች፣ በቱርካና ዳርቻ የሚኖር አንባቢ ያንኑ ገጽ በሌላ ልብ እንደሚያነበው ማሰብ ይገባል። መጽሐፉን ወደ አማርኛ ማምጣት የሚጠቅመው እነዚህ ሁለት አንባቢዎች ስለማይስማሙ ነው።

የግድቡ በር በመጋቢት 1963 ተዘግቶ፣ ውኃው ሙሉ ከፍታው ላይ የደረሰው በ1980 ነው። ከ2000 በኋላ በተከተለው ረጅም ድርቅ እየጎደለ ሄዶ በ2023 መጀመሪያ፣ ከተሞላ ወዲህ ከነበረው ሁሉ ዝቅ ብሎ ታየ። ሰጥመው የነበሩ የገደል ሰርጦች ብቅ ብለው፣ በደለል ላይ አኻያ በቅሎባቸዋል። ስለዚህ ተርጓሚው «ነበረ» እና «አለ» በሚሉት መካከል ይቸገራል። እኔ ብተረጉመው በአቢ አፍ ማጠራቀሚያ፣ በጀልባ ተከራዮቹ አፍ ሐይቅ እለዋለሁ። የአዋሽን ግድብ ውኃ ቆቃ ሐይቅ ስንለው የኖርን ስለሆንን አማርኛው ሁለቱንም ይሸከማል።