እስከ ኅዳር ዋስ ነኝ

በአገራችን ብዙ ሱቆች ውስጥ ሁለት ጽሑፎች በአንድ ግድግዳ ላይ ተለጥፈው ይታያሉ። አንዱ «ደንበኛ ንጉሥ ነው» ይላል፤ ሌላው «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ይላል። እኔ ገንዳ ውኃ ከተማ ላይ ለበረሃ ሥራ የሚሆን ዕቃ እሸጣለሁ፣ እጠግናለሁም። በእኔ ሱቅ ሁለተኛው ጽሑፍ የለም። እንዳይኖር ያደረገኝ የምሸጠው ዕቃ ጠባይና የሚገዛኝ ሰው ኑሮ ነው።

ደንበኞቼ በአብዛኛው ለሰሊጥ ሥራ ከደጋ የሚወርዱ ልጆች ናቸው፤ ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከጎንደር ዙሪያ። እዚህ ሳሉግ እንላቸዋለን። ሰኔ መጨረሻና ሐምሌ ላይ ለዘርና ለአረም፣ መስከረምና ጥቅምት ላይ ደግሞ ለአጨዳ ይመጣሉ። አይከልን አልፎ ቁልቁል የሚወርደው መኪና እኛ ዘንድ ያራግፋቸዋል፤ ከዚህ ወደ ኮኪት፣ ወደ ደለሎ፣ ወደ ሽንፋ፣ ወደ ቋራ ይበተናሉ። ከመበተናቸው በፊት ሸራ፣ የእጅ ባትሪ፣ ኮንጎ ወይም ቦት ጫማ፣ ጀሪካን፣ አጎበር፣ ማጭድ ይገዛሉ፤ ትንሽ ገንዘብ የቋጠረ የሶላር መብራት ይጨምራል። የእርሻው ባለሀብት ወይም ወኪሉ በበኩሉ የጀርባ መርጫና ለካምፑ የሚሆን ትልቅ ሸራ ይወስዳል። ለሳሉጉ ይህ ዕቃ ጣሪያው፣ መብራቱና መኝታው ነው። በረሃ ላይ ከተበላሸበት የሚጠግንለት የለም። ወደ ከተማ ልውጣ ቢል የቀን ሥራው ይቀርበታል፤ ዝናቡ ሲበረታ ደግሞ ዋልካው መንገዱን ይዘጋዋል።

በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። ጥሩ ሕግ ነው፤ ብዙ ባለሱቅ ግን ስለ መኖሩ አይነግርም። እኛ አካባቢ ደግሞ ቢነገርም አይደርስም። ሐምሌ መጀመሪያ የተገዛ ባትሪ ከሳምንት በኋላ ቢጠፋ፣ ገዢው በዚያን ሰዓት እርሻ ውስጥ አጎንብሶ እያረመ ነው። ወደ ከተማ ሲወጣ 15ቱ ቀን ካለፈ ቆይቷል። ሕጉ ከዚህ የተሻለ ዋስትና የሚሰጥ ነጋዴን አይከለክልም፤ ስለዚህ እኔ የምቆጥረው በሥራው ወቅት ነው። ክረምት ላይ ለሸጥኩት ዕቃ እስከ ኅዳር ዋስ ነኝ። በኅዳር ሰሊጡ ታጭዶ፣ ሂላው (የተከመረው ሰሊጥ) ተራግፎ፣ ሒሳብ ተከፍሎ ልጆቹ ወደየቤታቸው የሚመለሱበት ጊዜ ነውና።

ዕቃው ጉድለት እንዳለበት መደበቅ አይቻልም። ከመርካቶ ወይም ከጎንደር አከፋፋይ በካርቶን ይመጣል። ካርቶኑ ላይ የፋብሪካው አድራሻ ቢኖርም ባሕር ማዶ ነው፤ ከዚህ ተነሥቶ የሚጠይቀው የለም። ከሱዳን በጋላባት በኩል ይሻገር የነበረውም ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ላይ የሱዳን ጦርነት ከተነሣ ወዲህ እንደ ልብ አይገኝም። ስለዚህ ከሠሪው እስከ ገዢው ባለው ረጅም ሰንሰለት ውስጥ ሳሉጉ ፊቱን የሚያውቀው፣ ቤቱን የሚያውቀው አንድ ሰው ባለሱቁ ብቻ ነው። ዕቃው ስም ባይኖረውም ባለሱቁ ስም አለው።

መልካም መስተንግዶ ሲባል ብዙ ሰው ፈገግታንና «ምን ልታዘዝ»ን ያስባል። እነሱም ደስ ይላሉ፤ ከትሕትና የሚጎዳ የለም። በእኛ ሥራ ግን መስተንግዶ የሚጀምረው የዕቃውን ድካም አውቆ ከመሸጡ በፊት በመናገር ነው። ይህንን ለማወቅ ደግሞ ዕቃውን ፈትቶ ማየት ያስፈልጋል።

የሶላር መብራትን እንውሰድ። ከትንንሾቹ ብዙዎቹ ፓነላቸው ከራሱ ከመብራቱ ጀርባ ላይ የተለጠፈ ነው። ደጋ ላይ ይህ ችግር የለውም። እዚህ ግን በበጋ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ መብራቱ ይሞላ ተብሎ ፀሐይ ላይ ሲሰጣ ባትሪውም አብሮ ይጋላል። ሊቲየም ባትሪ ደግሞ ሙቀት ሲበዛበት ዕድሜው ያጥራል። በመሆኑም ፓነሉ በሽቦ የሚለየውን አስቀድሜ አሳያለሁ፤ ፓነሉ ዳሱ ላይ፣ መብራቱ ጥላ ውስጥ። ዋጋው ከፍ ይላል፤ ያልቻለው ርካሹን ይወስዳል፣ ነገር ግን ለምን ርካሽ እንደሆነ አውቆ ይወስዳል። በመብራት ኃይል የሚሞላው የእጅ ባትሪ ጠባዩ ሌላ ነው፤ ውስጡ ያለው አብዛኛውን ጊዜ የእርሳስ ባትሪ ስለሆነ ጨርሶ እስኪጠፋ አብርቶ ለሳምንታት መተው ይገድለዋል። ኤሌክትሪክ ወደሌለበት ካምፕ ለሚሄድ ልጅ እሱን አልሸጥለትም፤ የባትሪ ድንጋይ የሚበላውን ይውሰድ። ያንንም ስሸጥ «ሥራ ስትጨርስ ድንጋዩን አውጣው» እላለሁ፤ ካልወጣ አፍስሶ ሞላውን ይበላዋል፣ ለከርሞ ባትሪው ዝገት ሆኖ ይገኛል።

ሸራ የሚቀደደው መጀመሪያ ከቀለበቱ ላይ ነው። ቀለበቱ ቀጭን ቆርቆሮ ነው፤ የሐምሌ ንፋስ ገመዱን ሲጎትተው ነቅሎት ይወጣል። ለዚህ መድኃኒቱ ጠጠር ነው። ክብ ጠጠር በሸራው ማዕዘን ውስጥ ከተው፣ ጨርቁን በላዩ ሰብስበው፣ አንገቱን በገመድ አንቀው ያስራሉ። ጉተታው በሰፊው ጨርቅ ላይ ይከፋፈላል፤ ቀለበቱም አያስፈልግም። ይህንን ሱቄ በር ላይ ለእያንዳንዱ ሸራ ገዢ በእጁ እንዲያስር አደርገዋለሁ። ርካሽ ሸራ በጠጠር ታስሮ ክረምቱን ሲዘልቅ፣ ውዱ በቀለበቱ ታስሮ ሲቀደድ አይቻለሁ። ሥራው ሲያልቅም ከማጠፍ መጠቅለል ይሻለዋል፤ ፀሐይ የበላው ሸራ በታጠፈበት መስመር ይሰነጠቃልና።

አንዳንድ የሥራ ባልደረቦቼ «የዕቃህን ነውር ከነገርከው ማን ይገዛሃል?» ይሉኛል። ይገዙኛል። «ይህ ባትሪ ዝናብ አይችልም፤ በላስቲክ ጠቅልለህ ያዘው» ብዬ የሸጥኩለት ልጅ ይጠቀልለዋል። ያልተነገረው ግን በመጀመሪያው ዶፍ ያጣዋል፤ ዕቃውንም እኔንም በአንድ ላይ ይጥለናል።

ከዚያ ኅዳር ይመጣል። ቅሬታ ይዞ የሚገባ ሰው ብዙ ጊዜ ከበሩ ላይ ያመነታል፤ እንደሚጮኹበት ያውቃላ። የባለሱቅ የተለመደ የመጀመሪያ ጥያቄ «ምን አድርገህበት ነው?» የሚል ነው። ይህ ክስ ነው፤ ሰውየው ገና ሳይናገር ተከሳሽ ይሆናል። የእኛ ቤት ንግግር እንዲህ ነው የሚሄደው፦

«ጋሼ፣ ይቺ ባትሪ እዚያ እንደደረስኩ ጨለመችብኝ።»

«አምጣት ወንድሜ፤ ና እዚህ ተቀመጥና አብረን እንያት።»

በፊቱ እፈታታለሁ። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ጓዳ ይዤ ገብቼ ብጠግናት ምን እንደተበላሸ አያውቅም፤ ገንዘብ ባልጠይቀው እንኳ ጥርጣሬ ይዞ ይሄዳል። በፊቱ ሲከፈት ሽቦው ከብየዳው ለቆ ያየዋል፤ ነገሩ የፋብሪካ እንዝላልነት መሆኑን ይረዳል፣ እኔም እዚያው እበይድለታለሁ። የማይጠገን ከሆነ ይለወጣል። ወደ አገሩ ሊሳፈር ነውና ዕቃው አያስፈልገውም ካለ ገንዘቡ ይመለሳል። ሳይወድቅ የማይሰነጠቅ ነገር ተሰንጥቆ ሲመጣም መውደቁን በዓይኑ ያያል፤ የመለዋወጫውን ዋጋ ብቻ ይከፍላል፣ ለእጄ አላስከፍልም። ሊጠገን ያልቻለ ዕቃም አይጣልም፤ ተፈትቶ ሞላው፣ አምፖሉ፣ ጎማው፣ ክዳኑ ሳጥን ውስጥ ይገባል። የጎንደር መንገድ በሚዘጋበት ጊዜ ሱቄን ያቆመው ይህ ሳጥን ነው።

ቅሬታ ሁሉ ግን በዕቃው ጉድለት አይመጣም። አንድ ወኪል «የሸጥክልኝ መርጫ ሰሊጤን አቃጠለው» ብሎ ተቆጥቶ መጥቶ ነበር። መርጫው ደህና ነበር። ማሽላው ላይ ቱ ፎር ዲ ረጭተውበት፣ በደንብ ሳያጥቡት በዚያው የተባይ መድኃኒት ሞልተው ሰሊጥ ውስጥ ገብተዋል። ቱ ፎር ዲ ሰፋፊ ቅጠል ያለውን አረም የሚገድል፣ ማሽላን የሚምር ኬሚካል ነው፤ ሰሊጥም ቅጠለ ሰፊ ስለሆነ ከአረሙ ጋር ይነዳል። «ጥፋቱ የራስህ ነው» ብዬ መሸኘት እችል ነበር። ነገር ግን ይህንን ሳይነግረው መርጫ የሸጠለት ሰው ምን ዓይነት ሻጭ ነው? ከዚያ ወዲህ ሁለት መርጫ ለሚገዛኝ አንዱን በቀይ ቀለም እቀባለሁ፤ ቀዩ ለአረም ማጥፊያ ብቻ። ወኪሉም ዛሬ ደንበኛዬ ነው።

በዓለም ላይ ስሙ የገነነ አንድ የሜዳ ዕቃ ነጋዴም ከዚህ የተለየ ነገር አልሠራም። አሜሪካ ሜይን ውስጥ ኤል. ኤል. ቢን የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1912 ታችኛው ጎማ፣ ላይኛው ቆዳ የሆነ የአዳኝ ጫማ ሠርቶ መሸጥ ጀመረ። ከመጀመሪያዎቹ 100 ጥንዶች 90ዎቹ ቆዳው ከጎማው እየተገነጠለ ተመለሱበት። የሁሉንም ገንዘብ መለሰ፤ ተበድሮም ጫማውን አስተካክሎ እንደገና ሠራው። ድርጅቱ የተነሣው በዚያ ጫማ ነው፤ እስከ ዛሬም አለ። እዚህ ላይ ልብ የሚባለው ገንዘብ መመለሱ ብቻ አይደለም፤ የተመለሰውን ጫማ አይቶ ጉድለቱን ማስተካከሉ ነው። ያው ድርጅት ጊዜ ያልተወሰነለትን የመመለስ መብት እ.ኤ.አ. በ2018 ወደ አንድ ዓመት አሳጠረው፤ ሌላ ሰው የጣለውን አሮጌ ዕቃ እያመጡ አዲስ የሚወስዱ ሰዎች ስለበዙበት ነው። እኛም ዘንድ «ሳሉግ ከርሞ አይመጣም፤ አታሎህ ይሄዳል» የሚሉ አሉ። የማውቀው የተገላቢጦሹን ነው። ኅዳር ላይ በክብር የተስተናገደ ልጅ ሰኔ ላይ የአገሩን ልጆች አስከትሎ ይመጣል፤ ዕቃውን ሳይሆን ሱቁን ይጠቁማቸዋል።

ይህን ሁሉ ብዬ አንድ ወሰን ካላሰመርኩ ግን ያልኩት ሁሉ ሐሰት ይሆናል። መስተንግዶ የሚክሰው ገንዘብንና ጊዜን የሚያጠፋ ጉድለት ነው፤ ሰውን የሚያጠፋ ጉድለት በኅዳር አይካስም። ከጀርባ የሚያፈስ መርጫ ኬሚካሉን በሰው ገላ ላይ ሲያንጠባጥብ ይውላል። ስለዚህ ማንኛውንም መርጫ ከመሸጤ በፊት በንጹሕ ውኃ ሞልቼ፣ ገዢው ፊት ግፊት ሰጥቼ፣ ገልብጬ አያለሁ፤ ጠብታ ካየሁ ጎማው ይለወጣል፣ ካልያዘ ይፈታል እንጂ አይሸጥም። አጎበርም እንዲሁ ነው። ካላዛርን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ከወባ ትንኝ በጣም ታንሳለች፤ በግራር ሥርና በዋልካ ስንጥቅ አካባቢ ትገኛለች፤ ልጆቹም ውጭ የሚተኙት እዚያው ነው። ካላዛር ካልታከመ ይገድላል። ቀዳዳው ሰፊ፣ መድኃኒትም ያልተነከረ አጎበር ሸጦ፣ ልጁ ሆዱ አብጦ ሲመለስ የአጎበሩን ዋጋ ልመልስልህ ማለት አይቻልም። የሱዳንን ጦርነት ሸሽተው በመተማ ዮሐንስ በኩል ለገቡ ሰዎች ሸራ ስንሸጥም ያው ነው፤ ሸራው ለእነሱ ከነልጆቻቸው የሚያድሩበት ቤት ነበር፣ ሳሳ ያለውን ለዚያ ዓላማ አላወጣንም።

ወጪው የማን ነው? እስካሁን የእኔና እንደ እኔ ያሉ ትንንሽ ሱቆች ነው። የተበላሸውን ዕቃ አከፋፋይ አይቀበለንም፤ አስመጪውም መለዋወጫ አያመጣም። አንድ መርጫ ሙሉ በሙሉ ከሥራ ውጪ የሚሆነው ሳንቲም በማታወጣ ጎማ ምክንያት ነው። ስለዚህ ለጎንደርና ለመርካቶ አከፋፋዮች፣ ለአስመጪዎችም የምለው አለኝ። ከሚቀጥለው ሰኔ በፊት ከመርጫው ካርቶን ጋር ጎማና አፍንጫ፣ ከባትሪው ካርቶን ጋር አምፖልና ማብሪያ ማጥፊያ፣ ከጀሪካኑ ጋር ክዳን ላኩልን። በነጻ አላልንም፤ እንገዛችኋለን። የተበላሸውንም ቆጥረን ከነምክንያቱ ጽፈን ስንልክላችሁ ተቀበሉን፣ ለፋብሪካውም አድርሱት።