አንደበት ያልተሰጣቸው፦ የአስትሪድ ሊንድግሬን እንስሳት

ስዊድናዊቷ የልጆች ደራሲ አስትሪድ ሊንድግሬን እ.ኤ.አ. በ2002 በስቶክሆልም፣ በ94 ዓመቷ ካረፈች ወዲህ ሕይወቷ የሚወሳው ለሁለት ተከፍሎ ነው። አንደኛዋ ሊንድግሬን የፒፒ ሎንግስትሩምፕ ፈጣሪ ናት፤ ፈረስ በክንዷ የምታነሳዋን፣ ለትልልቅ ሰዎች ትእዛዝ የማትበገረውን ልጅ የሰጠችን። ሁለተኛዋ ሰማንያ ዓመት ሊሞላት ሲል ለላምና ለዶሮ ጠበቃ ሆና የቆመችው አሮጊት ናት። የመጀመሪያይቱ በሥነ ጽሑፍ ሚዛን ትመዘናለች፤ ሁለተኛይቱ ስለ ደግነቷ ተመስግና ትታለፋለች። ይህ ክፍፍል ሁለቱንም ይጎዳል ባይ ነኝ። የእንስሳት ፍቅሯ ከድርሰቷ ጎን ለጎን የኖረ መልካም ጠባይ ብቻ አልነበረም፤ የአጻጻፍ ስልቷ ከዚያው ፍቅር የተቀዳ ነው።

ስልቱ እንዲህ ነው፦ በዋና ዋና ልቦለዶቿ ውስጥ እንስሳት አይናገሩም። ይህ ለእኛ ቀላል ነገር አይደለም። አያ ጅቦ ሲያሴር፣ እመት ጦጢት ስታመልጠው እየሰማን ያደግን ነን። በተረታችን እንስሳው የሰው ጭምብል ነው፤ ጅቡ ሆዳሙን ጉልበተኛ፣ ጦጣዋ ብልሁን ደካማ ወክለው ይቆማሉ። ተረቱ ስለ ሰው ብዙ ያስተምረናል፤ ስለ ጅብ ግን እምብዛም አይነግረንም። ሊንድግሬን ጭምብሉን አንስታ ፈረሱን ፈረስ አድርጋ ትተወዋለች። የፒፒ ፈረስ በመጽሐፉ ውስጥ ስም እንኳ የለውም፤ በረንዳ ላይ ይቆማል እንጂ ምክር አይለግስም። በ1973 በወጣው «የአንበሳ ልብ ወንድማማቾች» ውስጥም ግሪምና ፍያላር የተባሉት ፈረሶች ሁለቱን ልጆች በዚያ ሁሉ አደጋ መካከል ይዘው ሲያልፉ አንዲት ቃል አይወጣቸውም። አንደበት የሌለውን ፍጥረት ማወቅ የሚሻ ልጅ ማየት፣ መዳሰስና መታገስ አለበት።

የዚህ ስልት ጥራት ከረጃጅሞቹ ልቦለዶች ይልቅ ጎልቶ የሚታየኝ ስለ አንድ ኮርማ በጻፈችው አጭር ታሪክ ነው። በፋሲካ ዕለት አዳም ኤንግልብሬክት የተባለው ኮርማ ከበረቱ ወጥቶ ግቢውን ያሸብራል። ትልልቅ ሰዎች የሚያደርጉት ጠፍቷቸው ሳለ አንድ ትንሽ ልጅ ቀስ ብሎ ይጠጋዋል፤ በለሆሳስ ያባብለዋል፤ በቀንዶቹ መካከል ያክለታል። ኮርማው ይበርዳል፤ ልጁም ወደ በረቱ ይመልሰዋል። ነገሩ ይኸው ነው። ሌላ ደራሲ ቢሆን የኮርማውን ቁጣ ምክንያት ሊያስረዳን፣ ምናልባትም በኮርማው ልብ ገብቶ ሐሳቡን ሊያነብልን ይቸኩል ነበር። ሊንድግሬን ወደዚያ ልብ አትገባም። ልጁ የሚናገረው መልስ ጠብቆ አይደለም፤ ሥራውን የሚሠራው ከቃሉ ይልቅ ድምፁና ጣቱ ነው። በሬዎቹን በስም እየጠራ የሚያርስ ገበሬ ይህን ያውቃል። ጥጃ ያሻሸ እረኛም ያውቃል። በጽሑፍ ላይ ግን እንዲህ ያለ እውቀት ሳይበላሽ የሚሰፍረው ከስንት አንዴ ነው፤ ምክንያቱም ጽሑፍ በባሕርዩ ሁሉንም ነገር ማናገር ይወዳል።

ይህን ከየት አገኘችው ከተባለ መልሱ ሩቅ አይደለም። በ1907 የተወለደችው በስሞላንድ፣ ቪመርቢ ከተማ አጠገብ፣ ነስ በተባለ እርሻ ላይ ነው፤ አባቷ የቤተ ክርስቲያን መሬት ተከራይቶ የሚያርስ ገበሬ ነበር። በዚያ ዘመን ፈረስ የሥራ ባልደረባ እንጂ የመዝናኛ እንስሳ አልነበረም።

የእንስሳቱ ዝምታ ግን ዳኝነትንም ይጠራል። የማይናገር ፍጥረት ለራሱ ሊመሰክር አይችልም፤ ስለዚህ በሊንድግሬን ዓለም ምስክሩ ልጅ ነው። ፒፒ የደከመ ፈረሱን የሚገርፍ ሰው ስታይ ወደ ላይ እየወረወረች ትቀጣዋለች፤ የፈረሱንም ጭነት በራሱ ጫንቃ ታሸክመዋለች። በቡለርቢ ልጆች ታሪክ ውስጥ ኡሌ የሚባለው ልጅ ስቪፕ የተባለውን ውሻ ከክፉ ጌታው ከጫማ ሠሪው እጅ ያገኘዋል፤ የዚያ ጫማ ሠሪ ስም በስዊድንኛ «ደግ» ማለት መሆኑን ልብ ይሏል። በሳልትክሮካን ደሴት ደግሞ ቦትስማን የተባለው ትልቅ ውሻ ባልሠራው ጥፋት ሊገደል ይደርሳል፤ ጥፋተኛው ቀበሮ ሆኖ ይገኛል። በፒፒ ክንድ ብርታት ብቻ የሚደነቅ አንባቢ ይህ የፍርድ ክር ያመልጠዋል።

ሊንድግሬን እንከን የለባትም አልልም። ነስን የመሰለ እርሻ የሚኖረው በማረድ ጭምር ነው፤ እርሷ ግን እርዱን ፊት ለፊት ልታየው አትደፍርም። ኤሚል ስለተባለው ልጅ በጻፈቻቸው ታሪኮች የአሳማ ደም ሊጥ አባትዬው ፊት ላይ ሲደፋ እንስቃለን፤ ልጁ ያሳደገው አሳማ ግን ከቢላዋ ይተርፋል። የተወደደው ይድናል፣ ያልተወደደው ማጀት ይገባል። ይህን ተቃርኖ ልትጋፈጠው የሚያስችል ብዕር ነበራት፤ አልተጋፈጠችውም።

አሁን ወደ አሮጊቷ እንመለስ። ከ1985 ጀምሮ ከእንስሳት ሐኪሟ ክርስቲና ፎርስሉንድ ጋር ሆና ፀሐይ ስላላዩ ላሞችና በሽቦ ጎጆ ስለታጨቁ ዶሮዎች በጋዜጣ ጻፈች። በ1987 ሰማንያ ዓመት ሲሞላት ጠቅላይ ሚኒስትር ኢንግቫር ካርልሶን አዲስ የእንስሳት ጥበቃ ሕግ እንደሚወጣ አበሰሯት፤ ሕጉም በ1988 ሥራ ላይ ዋለ። ሕዝቡ «ሌክስ ሊንድግሬን» አለው። የሕይወት ታሪኳን የሚጽፉ ሁሉ እዚህ ላይ ሲደርሱ ያጨበጭባሉ፤ እርሷ ግን አላጨበጨበችም። ሕጉ ጥርስ የለውም ብላ በግልጽ ቅሬታዋን አሰማች። የልደት ስጦታ የመሰለ ሕግ አንደበት ለሌለው ፍጥረት እንደማይበቃ ያወቀችው፣ ዕድሜዋን ሙሉ ዝምታውን ስታዳምጥ ስለኖረች ነው።

ጽሑፎቹ በ1990 በመጽሐፍ ሲወጡ ርእሱ በእኛ ቋንቋ «ላሜ መደሰት ትፈልጋለች» እንደ ማለት ነበር። ፍላጎቱ የላሟ፣ ቃሉ የሰው ነው፤ ልጁና ኮርማው በፋሲካ ዕለት የቆሙበት ርቀት እዚህም ተጠብቋል።

«ላሜ» ሲባል የእኛ ጆሮ ላሜ ቦራን ይሰማል። እርሷም የሰው ቋንቋ ትችላለች፤ የምንወዳትም እናት ስለሆነች ነው። የልጆች ደራሲዎቻችን አያ ጅቦን ደጋግመው ከሚያናግሩት ይልቅ፣ እረኛው ልጅ በማለዳ ከበረት የሚያወጣትን፣ ምንም የማትለውን ላም ቢጽፉልን ምንኛ በወደድሁ። ላሜ ቦራ ለላም ስለተሰጡ ልጆች ትነግረናለች። ሊንድግሬን ላሟን ለልጆቹ አደራ ሰጠች።